ስክሪንሾት ብር አይደለም

ሐዋሳ ቁጭ ብላችሁ በቴሌግራም የሎጎና የፖስተር ሥራ የምትቀበሉ፣ ደንበኛ የቴሌብር ስክሪንሾት ሲልክላችሁ ወዲያው *127# ደውላችሁ ቀሪ ሂሳባችሁን እዩ። ምስል በስልክ ይቀየራል። «ብር ገብቶልዎታል» የሚል መልእክትም ከ127 ሳይሆን ከተራ ስልክ ቁጥር ተጽፎ ሊመጣ ይችላል። ሂሳባችሁ ላይ ያለውን ቁጥር ግን አጭበርባሪው ከስልኩ ሆኖ ጽፎ አይጨምረውም። በተለይ «ተሳስቼ አብልጬ ልኬያለሁ፣ ትርፉን መልሱልኝ» ካለ፣ ሳታዩ አምስት ሳንቲም እንዳትልኩ!

ብሩ እስኪገባ ስማችሁ በላዩ የተጻፈበት ደብዘዝ ያለ ናሙና ይበቃዋል። «ባጃጅ ላይ ነኝ፣ ማተሚያ ቤቱ ሊዘጋ ነው» ይላችኋል፤ ይበል።

አፕወርክ ላይ (ደንበኛና ሠሪ በኢንተርኔት የሚገናኙበት የሥራ ገበያ) ግን መንገዱ ሌላ ነው፦ በቁርጥ ዋጋ ለተስማማችሁበት ሥራ ክፍያው አስቀድሞ ኤስክሮው ውስጥ (ደንበኛው ሥራውን እስኪቀበል ገንዘቡ ተይዞ የሚቆይበት ሂሳብ) መግባቱን ሳታረጋግጡ አትጀምሩ።