አየር አስገቢው ፋን አልነሳ ሲላችሁ ሪሴት ከመጫናችሁ በፊት

በገላን፣ በዱከም ወይም በሰበታ በኩል ወርክሾፕ ያላችሁ ሁሉ! መብራት ሄዶ ሲመጣ ባለ ሦስት ፌዙ አየር አስገቢ ፋን እያጉረመረመ አልዞር ካለ፣ ሞተሩን ፈትታችሁ ወደ ጥቅለላ አትሩጡ። ብዙ ጊዜ የጎደለው አንድ ፌዝ (ከሦስቱ የኃይል መስመሮች አንዱ) ነው።

ከኮንታክተሩ (ለሞተሩ ኃይል የሚያገናኘውና የሚያቋርጠው ማብሪያ) መግቢያ ላይ በመልቲሜትር ፌዝ ከፌዝ ለኩ። ሦስቱም ልኬት 380 ቮልት አካባቢ ከሆነ መስመሩ ደህና ነው፤ አንዱ ከጎደለ ፊውዙንና ዋናውን መስመር እዩ። ቀጥሎ ኮንታክተሩ እንደያዘ የእያንዳንዱን ፌዝ መግቢያ ከራሱ መውጫ ጋር ለኩ። ዜሮ አካባቢ መሆን አለበት። ትልቅ ቮልቴጅ ካሳየ ውስጡ ያለው መገናኛ ተቃጥሏል፤ የሚቀየረው ኮንታክተሩ እንጂ ሞተሩ አይደለም። ለክታችሁ ወዲያው አጥፉት።

ምክንያቱም በሁለት ፌዝ ብቻ የቆመ ሞተር የማግኔት መስኩ አይዞርለትም፤ ቆሞ ከባድ ከረንት ይስባል፣ ኦቨርሎዱም (ሞተሩን ከመቃጠል የሚጠብቀው መቁረጫ) ሙቀቱን አይቶ ይቆርጣል። ደጋግሞ የኦቨርሎዱን ሪሴት ቁልፍ መጫን ደህናውን ሞተር ያቃጥላል። በተለይ እዚህ! የተለመዱ ሞተሮች የሚሠሩት እስከ 1000 ሜትር ከፍታ ታስበው ነው፤ እኛ 2000 ሜትር አካባቢና ከዚያ በላይ ነን፣ ስሱ አየር በደንብ አያቀዘቅዝም።

ፌዙ ሁሉ ደህና ሆኖ ኦቨርሎዱ ከቆረጠ ብሬከሩን አጥፍታችሁ ፋኑን በእጅ አዙሩት። ከከበደ ኩሽኔታውን እዩ። ኦቨርሎዱን ዘላችሁ ግን ሞተሩን በቀጥታ በጭራሽ አታገናኙ፤ ኤሌክትሪክ ያለበትን ፓነል መለካት ያልለመደ ሰውም ኤሌክትሪሺያን ይጥራ።