‹ተባረረ› ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት፦ ስለ ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ ወታደሮች ዜና ስትተረጉሙ

አራት ኪሎ፣ ከብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ብዙም ሳይርቅ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ጠባብ ክፍል አለችኝ። የውጭ ዜና ስተረጉም ሃያ አምስት ዓመት አለፈኝ። በፊት ፒያሳ ነበርኩ። ቤቱ ሲፈርስ ወደዚህ መጣሁ። አሁን ሁለት ወጣቶች አብረውኝ ይሠራሉ። ባለፈው ሳምንት አንደኛዋ ስለ አሜሪካ ጦር የተጻፈ ረጅም ጽሑፍ ይዛ መጣች። «እትዬ፣ እዚህ ጋ እጄ እምቢ አለኝ። ምን ብዬ ልጻፈው?» አለችኝ።

እጇ ለምን እምቢ እንዳላት ይገባኛል። ጉዳዩ እኛ አገር ከባድ ነው። እምነታችንም፣ ቤተሰባችንም፣ ሕጋችንም በአንድ ወገን ቆመዋል። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን በእስራት ያስቀጣል። እንዲህ ባለ ቦታ የተቀመጠ ተርጓሚ ሳያውቀው ፈራጅ ይሆናል። ጽሑፉ ያላለውን በአንዲት ግስ ይጨምራል። እኔም ጨምሬ አውቃለሁ። ለእሷ የነገርኳትን ለእናንተም ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ስሙ ላይ ተስማሙ። «ግብረ ሰዶም» የሕጋችን ቃል ነው። የሚጠራው ድርጊትን ነው፤ ፍርዱንም ይዞ ይመጣል። የእንግሊዝኛው ጽሑፍ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያወራው ስለ ሰው ነው። ስለ አንድ መካኒክ፣ ስለ አንዲት ነርስ፣ ስለ አንድ አብራሪ። ስለዚህ «የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ» በሉ። ለርዕስ እንደሚረዝም አውቃለሁ። አንዴ ሙሉውን ከጻፋችሁ በኋላ «ጌይ» ወይም «ሌዝቢያን» ማለት ትችላላችሁ፤ አንባቢያችን ይረዳዋል። የመንደር ስድብ ግን አይገባም። የራሳችንን አንቀጽ 629 ስትጠቅሱ ደግሞ ሕጉ የተጠቀመበትን ቃል እንዳለ አስቀምጡ። እሱንም ማለስለስ አንባቢን ማታለል ነው።

ከስሙ ይልቅ የሚያስቸግረው ግሱ ነው። አንድ ወታደር ማንነቱን ለአለቃው ነገረ እንበል። እኛ ጋ «አመነ» ተብሎ ይጻፋል። «አመነ» የፖሊስ ጣቢያ ቃል ነው፤ የሚያምን ተጠርጣሪ ነው። «ተጋለጠም» አይደለም፤ የሚጋለጥ የተደበቀ ሌባ ነው። «ተናገረ» በቂ ነው። ሌላው «በአደባባይ» ነው። ማንነቱን ሳይደብቅ የሚያገለግል ወታደር «በአደባባይ ግብረ ሰዶማዊ የሆነ» ተብሎ ተተርጉሞ አይቻለሁ። አማርኛ አንባቢ ይህን ሲያነብ ሰውየው መንገድ ላይ አንድ ነገር ያደረገ ይመስለዋል። «ማንነቱን ሳይደብቅ» ብትሉ ነገሩ ያልቃል።

አሁን ወደ ርዕሴ ልምጣ። አባባ የቃኘው ሻለቃ ዘማች ነበሩ። ኮሪያ ሄደው፣ ከአሜሪካኖቹ ሰባተኛ ክፍለ ጦር ጋር ተዋግተው ተመልሰዋል። በ2003 ታኅሣሥ ላይ፣ ማንነታቸውን የተናገሩ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ ወታደሮችን ያሰናብት ስለነበረው የአሜሪካ ሕግ መሻር የተረጎምኩትን ረቂቅ ቤት ይዤ ሄድኩ። ለአባባ የውትድርና ቃላቱን ማሳየት ልማዴ ነበር። በአጉሊ መነጽር ነበር የሚያነቡት። ረቂቁ ውስጥ የሊዮናርድ ማትሎቪች ታሪክ አለ። የአየር ኃይል ሳጅን ነው። ቬትናም ሦስት ጊዜ ዘምቷል። ፈንጂ ላይ ቆሞ ቆስሏል፤ የነሐስ ኮከብና ለቁስለኛ የሚሰጠውን ሜዳይ ተሸልሟል። በ1975 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ጌይ መሆኑን ለአለቃው በደብዳቤ አሳወቀ። እኔ «ከጦሩ ተባረረ» ብዬ ጽፌያለሁ።

አባባ እዚያ ላይ ቆሙ። «ምን አጥፍቶ? ከድቶ ነው?»

«አይ አባባ። ወንድ እንደሚወድ ስለተናገረ ነው።»

ዝም አሉ። ነገሩን አልወደዱትም፤ ከፊታቸው አንብቤዋለሁ። አባባ ቤተ ክርስቲያን ሳይስሙ የማይውሉ ሰው ነበሩ። ከዚያ እርሳሱን አነሱና ቃሏን ሰረዟት። «ተባረረ የሚባለው የከዳ ነው፣ የሰረቀ ነው። ይሄ ቆስሏል። ተሰናበተ በይ።»

ያን ወረቀት እስከ ዛሬ አስቀምጬዋለሁ። ሃሳባቸውን አልቀየሩም፤ እኔም እንዲቀይሩ አልጠየቅኳቸውም። ግን ወታደሩን ወታደር ብለው ጠሩት።

ቃሉም ልክ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ስንብት ዓይነት አለው። የክብር ስንብት አለ፤ ክብር የሌለው ስንብት አለ፤ በመካከልም ሌሎች አሉ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ብዙ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች በሰማያዊ ወረቀት ይሰናበቱ ነበር። ያ ወረቀት የክብርም የውርደትም አልነበረም። ግን የዘማች ጥቅማ ጥቅም ያሳጣ ነበር፤ ሥራ ሲፈልጉም ይከተላቸው ነበር። በፈረንጆቹ ከ1993 በኋላ በነበረው፣ በኋላ በተሻረው ሕግ ከተሰናበቱት ከ13,000 በላይ ሰዎች አብዛኞቹ ግን የክብር ስንብት ወረቀት ነው የያዙት። የማትሎቪችም ስንብት በኋላ ወደ ክብር ስንብት ተለውጧል። ስለዚህ የስንብቱን ዓይነት ከምንጩ ፈልጉ። «ተባረረ» ብላችሁ ስትጽፉ የተሰጠውን የክብር ወረቀት እየነጠቃችሁት ነው። «ተነጠቀ» የምትለዋን ቃል ለእንግሊዞቹ አቆዩአት። እዚያ አንዳንዶቹ ሲሰናበቱ ሜዳያቸውን እውነትም ተነጥቀዋል።

የማትሎቪች መቃብር ዋሽንግተን ነው። ድንጋዩ ላይ ያለውን ጽሑፍ ስትተረጉሙ ጊዜ ስጡት። እኔ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ «ወታደር ሳለሁ ሁለት ወንዶች ስለገደልኩ ሜዳይ ሰጡኝ፤ አንድ ወንድ ስላፈቀርኩ አሰናበቱኝ።» መጀመሪያ «ሁለት ሰው» ብዬ ነበር። ልክ አልመጣም፤ የእንግሊዝኛው ቃል ሁለቱም ቦታ አንድ ነው፣ ወንድ ነው። ሌላም ችግር አለ። የእኛ ጆሮ ፉከራ ለምዷል። «ገዳይ» ሲባል ደረታችን ይነፋል። የመጀመሪያው ሐረግ ለአማርኛ አንባቢ ሙገሳ ሆኖ ሊሰማው ይችላል። ሰውየው ግን እየፎከረ አይደለም። ለዚህ ነው «ገዳይ» የሚለውን ስም ትቼ «ስለገደልኩ» ያልኩት።

ይህ የፈረንጆቹ የ1993 ሕግ ደግሞ «አትጠይቅ፣ አትናገር» ተብሎ በብዛት ይጻፋል። ቢል ክሊንተን የፈረሙት ነው። አማርኛችን ከእንግሊዝኛው የተሻለ ነገር ሊያደርግ የሚችልበት ቦታ ይሄ ነው። ትእዛዙ ለሁለት ሰው ነው። ጠያቂው አለቃው ነው፤ ተናጋሪው ወታደሩ ነው። «አይጠይቁ፣ አትናገር» ብትሉ አንቱታው አለቃውን ይለየዋል። ዝም የሚባለው ታችኛው መሆኑ ወዲያው ይታያል። እኔ እንዲህ ነው የምጽፈው።

ዝምታው ምን ያህል እንደሚከብድ ለማስረዳት ቋንቋችንን ተጠቀሙ። ያኔ ብዙ ወታደሮች ስለ ፍቅረኛቸው ሲያወሩ «እሱ» የሚለውን «እሷ» እያሉ ይቀይሩ ነበር። በእንግሊዝኛ ተውላጠ ስሙን ከቀየሩ ይበቃል። በአማርኛ ቢሆን እያንዳንዱ ግስ ያሳብቃል። ደወለ፣ ደወለች። ናፈቀኝ፣ ናፈቀችኝ። የምታመልጡበት አንድ መንገድ አንቱታ ነው፤ ፍቅረኛን ደግሞ አንቱ አይሉም።

ይሄው ሰዋስው ለተርጓሚም ወጥመድ ነው። በ2004 ታኅሣሥ፣ ሕጉ ከቀረ ገና ሦስት ወሩ፣ አንድ የአሜሪካ የጦር መርከብ ቨርጂኒያ ደረሰ። በባሕር ኃይሉ ልማድ ከመርከቡ መጀመሪያ ወርዶ የሚጠብቀውን ወዳጁን የሚስመው ሰው በዕጣ ይመረጣል። ዕጣው ለአንዲት ሴት ደረሳት። ወርዳ ፍቅረኛዋን ሳመች። ፍቅረኛዋም ሴት ናት። እኔ እንግሊዝኛው የሰጠኝን «ፓርትነር» የሚል ቃል ይዤ «ወደቡ ላይ ሲጠብቃት የነበረው እጮኛዋ» ብዬ ተረጎምኩ። አልተጠራጠርኩም። ጽሑፉ ማተሚያ ቤት ገባ። ፎቶው ላይ ሁለት ሴቶች አሉ፣ ከሥሩ ደግሞ ወንድ። ዜናው ዜና የሆነበትን ነገር እኔ አጠፋሁት። እነዚያ ሁለት ሴቶች ለዓመታት ሲደብቁት የኖሩትን ነገር መልሼ ደበቅኩባቸው። እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል። ከእንግዲህ «ፓርትነር» ሲያጋጥማችሁ ፆታውን ከጽሑፉ ሳታረጋግጡ ግስ አትምረጡ። ካላገኛችሁት «ባለቤት» ወይም «የሕይወት አጋር» ብላችሁ ዓረፍተ ነገሩን ግሱ ፆታ እንዳይዝ አዙሩት። ይቻላል፣ ትንሽ ያደክማል እንጂ።

ስለ ወታደሮቹ አመለካከት የሚያወሩ ቁጥሮች ላይ ደግሞ ቀስ በሉ። በፈረንጆቹ 2010፣ ሕጉ ከመሻሩ በፊት፣ የአሜሪካ መከላከያ መሥሪያ ቤት ለ400,000 ወታደሮች መጠይቅ ላከ። 115,000 ያህሉ መለሱ። ውጤቱ እኛ ጋ «70 በመቶው ደገፉ» ተብሎ ተጻፈ። አልደገፉም፣ አልተቃወሙምም። «ይደግፋሉ ወይ» ተብለው አልተጠየቁም። የተጠየቁት ሕጉ ቢቀር በጦር ክፍላችሁ ሥራ ላይ ምን ያመጣል ተብለው ነው። 70 በመቶ ያህሉ «በጎ ነገር፣ ወይም የተደባለቀ፣ ወይም ምንም» አሉ። ይሄ ከድጋፍ በጣም ይለያል። በእግረኛ ተዋጊዎች፣ በተለይ ማሪን በሚባለው የባሕር እግረኛ ጦር ዘንድ ስጋቱ ከፍ ያለ ነበር። ያንንም መጻፍ አለባችሁ። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ግን ሌላ ቁጥር ነው። ጌይ ወይም ሌዝቢያን ነው ብለው ከሚያስቡት ሰው ጋር በአንድ የጦር ክፍል የሠሩት ተለይተው ሲጠየቁ 92 በመቶው ክፍሉ አብሮ የመሥራት አቅሙ በጣም ጥሩ፣ ጥሩ፣ ወይም መካከለኛ ነበር ብለዋል። የፈሩት በአብዛኛው ያላዩት ናቸው። ይህን ዓረፍተ ነገር ለቦታ ብላችሁ አትቁረጡት።

«የክፍሉ አንድነት ይፈርሳል» የሚለው ክርክርም አዲስ አይደለም። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ትሩማን በፈረንጆቹ 1948 ጥቁርና ነጭ ወታደር እንዳይለያይ ሲያዙ ተቃዋሚዎቹ ይህንኑ ነበር የሚሉት። አባባና ጓዶቻቸው ኮሪያ ሲደርሱ በፈረንጆቹ 1951 ነው፤ አሜሪካኖቹ ገና እየተቀላቀሉ ነበር። አፍንጮ በር የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ በኩል ባለፍኩ ቁጥር ይሄ ትዝ ይለኛል። ሁለቱ ጉዳዮች አንድ ናቸው እያልኩ አይደለም። ክርክሩ ግን ቃል በቃል አንድ ነው፤ ለአንባቢያችሁ ይህን ማስታወስ ትችላላችሁ።

ቀኖቹን እንዳታምታቱ። ኦባማ መሻሪያውን የፈረሙት በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 13 ቀን 2003 ነው። ሕጉ የቀረው ግን መስከረም 9 ቀን 2004 ነው። በመካከሉ ባሉት ዘጠኝ ወራት የተናገረ ወታደር ገና አደጋ ላይ ነበር። ብሪታንያ ክልከላውን ያነሳችው ጥር 3 ቀን 1992 ነው፤ የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ከፈረደባት በኋላ። በጊዜው ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ሪሺ ሱናክ ይቅርታ የጠየቁት ግን ሐምሌ 12 ቀን 2015 ነው። ኔዘርላንድስ በ1974፣ ካናዳና አውስትራሊያ በ1992፣ እስራኤል በ1993 ፈቅደዋል፣ በእነሱ አቆጣጠር። «የፈረንጅ ነገር» ለሚላችሁ ደግሞ የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥት፣ በፈረንጆቹ የ1996ቱ፣ በፆታዊ ዝንባሌ አድልዎ ማድረግን ይከለክላል። በፈረንጆቹ 2025 አሜሪካ ውስጥ የወጣው እገዳ ፆታቸውን የለወጡ ወታደሮችን የሚመለከት ነው፤ ከዚህኛው ጋር አትቀላቅሉት።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምናችኋለሁ። «የአገር ውስጥ አስተያየት» ፍለጋ ብላችሁ እዚህ አዲስ አበባ ማንንም ሰው አታነካኩ። ስም፣ ሰፈር፣ የሥራ ቦታ፣ ፎቶ፣ ምንም። ጎረቤት የሚያውቀው አንዲት ፍንጭ ትበቃለች። ለእኛ ዓምድ ነው፤ ለእሱ ሕይወቱ ነው። ጽሑፉ ያለ አገር ውስጥ አስተያየት ቢጎድል ይጉደል።

ከወጣቷ ጋር ጽሑፉን አብረን ጨረስነው። «ተባረረ» የሚለው ሦስት ቦታ ነበር። ሁለቱን «ተሰናበተ» ብላ አስተካከለች። ሦስተኛው ላይ ዋናውን አወጣንና አየነው። በጥቅስ ውስጥ ነው። አንድ አዛዥ በራሱ አፍ የተናገረው ነው፣ ቃሉም የእንግሊዝኛው ክፉ ቃል ነው። እርሳሷን ይዛ ቀና ብላ አየችኝ።

እሱን ተውነው።