እግር ውርር ሲል፦ ቫይታሚን ከመዋጥ በፊት

እግር ሲያቃጥል፣ ጣት ሲደነዝዝ፣ ሰውነት ያለ ምክንያት ሲዝል ብዙ ሰው ፋርማሲ ገብቶ «የነርቭ ቫይታሚን» ይጠይቃል። ችግሩ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ቫይታሚን ቢ12 ከተወጉ በኋላ ለምርመራ ደም ቢሰጡ መጠኑ ከፍ ብሎ ይወጣል፤ ያኔ እጥረት ነበረ ወይስ አልነበረም ማለት ያስቸግራል። መጀመሪያ ደም ይስጡ፣ ከዚያ ይዋጡ። ድንዛዜው ድንገት በአንድ ጎን ከመጣ፣ አፍ ከተጣመመ ወይም ንግግር ከተንተባተበ ግን ጉዳዩ የቫይታሚን አይደለም፤ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ሐኪሙ ከሚያዝዛቸው ውስጥ እነዚህ እንዳይቀሩ ይጠይቁ፦ ስኳር፣ ሙሉ የደም ቆጠራ፣ ቢ12፣ ታይሮይድና ኩላሊት። ሁለቱን እግሮች ከጣት ጀምሮ ለሚያደነዝዝ ሕመም ቀዳሚው ተጠርጣሪ ስኳር ነው። ለፀጉር ተብሎ የሚሸጠውን ባዮቲን የሚወስዱ ከሆነ ለላቦራቶሪው ይንገሩ፤ የታይሮይድን ውጤት ሊያዛባ ስለሚችል ቢያንስ ሁለት ቀን አስቀድመው ያቁሙት።

ቢ12 በአብዛኛው ላቦራቶሪ ከ200 ፒኮግራም በሚሊ ሊትር በታች ከሆነ እጥረት ነው፤ ከ200 እስከ 300 ያለው አጠራጣሪ ነው። «ደም ማነስ የለብህም» መባል ግን አያዘናጋ። ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ፎሌት በሚባለው ቫይታሚን የበለጸጉ ናቸው፤ ፎሌት ደግሞ የደም ቆጠራውን ደህና አስመስሎ ሊያቆየው ይችላል፣ የነርቩ ጉዳት ግን ይቀጥላል። በዚህ ምክንያት የቢ12 እጥረት ሳይጣራ ፎሊክ አሲድ (በእንክብል የሚሸጠውን ፎሌት) ብቻውን በብዛት መውሰድ አይመከርም።

«ጾሙ ነው» የሚለው ፍርድም ይቸኩላል። ጉበት የሚያከማቸው ቢ12 ለዓመታት ስለሚበቃ የሁለት ወር ጾም ብቻውን አያሟጥጠውም። ዓመቱን ሙሉ ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላልና ዓሣ የማይቀምስ ሰው በእርግጥ ከዓመታት በኋላ ሊያልቅበት ይችላል፤ በፍስክ ወቅት እነዚህን የሚበላ ሰው እጥረት ከተገኘበት ግን ሌላ ምክንያት ይፈለግ። የስኳር መድኃኒቱን ሜትፎርሚን ለዓመታት መዋጥ፣ የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል ያለ ማቋረጥ መውሰድና የጨጓራ ሕመም ቢ12 እንዳይመጠጥ ሊያደርጉ ይችላሉ። ሜትፎርሚንን ግን በራስዎ አያቁሙ።

እጥረቱ ከተረጋገጠ የተለመደው የእንክብል መጠን በቀን 1000 ማይክሮግራም ነው። ብዙ ይመስላል፤ ነገር ግን ጨጓራው ባይተባበርም ከመቶ አንድ ያህሉ በራሱ ያልፋል፣ እሱም ይበቃል። ነርቭ ከተነካ ብዙውን ጊዜ መርፌ ይመረጣል። ደሙ በሳምንታት ይስተካከላል፤ ነርቭ ግን ወራት ይፈልጋል፣ ብዙ የቆየውም ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል።

አሁን «የነርቭ ቫይታሚን» ተብሎ ወደሚሸጠው፣ ቢ12ን ከቢ6 ጋር ወደሚይዘው ጥምር ቫይታሚን እንምጣ፤ ሰው ሊጎዳ የሚችለው እዚህ ነው። የማሸጊያውን ጀርባ አዙረው ቢ6 ስንት እንደሆነ ያንብቡ። አዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው ከ2 ሚሊግራም በታች ነው፤ አንዳንዱ እንክብል ግን 100 ወይም 200 ሚሊግራም ይይዛል። የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን በ2023 የአዋቂን ጣሪያ 12 ሚሊግራም አድርጓል፤ የአሜሪካው 100 ነው። ቢ6 ለወራት ሲበዛ ራሱ ነርቭን ሊጎዳ ይችላል፤ ምልክቱም መድኃኒቱን ያስገዛው ያው ድንዛዜ ነው። ሰውየው «አልተሻለኝም» ብሎ ይጨምራል፣ ሲጨምር ይብስበታል። ለቲቢ አይሶናያዚድ የሚወስዱ ሰዎች ግን ከዚህ ውጭ ናቸው፦ መድኃኒቱ ቢ6ን ስለሚያሟጥጥ ሐኪም የሚያዝላቸውን አነስተኛ መጠን ማቆም የለባቸውም።

ድንዛዜው ከቢ6 ከሆነ እንክብሉን ካቆሙ በኋላም ለጥቂት ሳምንታት ሊብስ ይችላል፤ ይህን አይተው መልሰው አይጀምሩት።