ዓሣን ከጓሮ አትክልትና ከከብት ጋር አጣምሮ ለማርባት ሲታቀድ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ኩሬ፣ ጓሮና በረት ጎን ለጎን ስለሆኑ ብቻ የተቀናጀ እርሻ አይሆኑም። የአንዱ ትርፍ ለሌላው ሲሳይ የሚሆነው፣ ውሃውና ፍጉ በየት በኩልና ምን ያህል እንደሚፈስሱ ከቁፋሮ በፊት ከታሰበበት ነው።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ፍግን ያለ ልክ መጨመር ነው። ፍግ በዋናነት የሚጠቅመው በውሃው ውስጥ ዋቅላሚን (ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገውን ደቂቅ ዕፅ) እና ጥቃቅን ነፍሳትን አልምቶ ለዓሣው ምግብ ስለሚያደርጋቸው ነው። ዋቅላሚው ቀን በፀሐይ ብርሃን ኦክስጅን ያመነጫል፤ ሌሊት ግን እርሱም፣ ዓሣውም፣ ፍጉን የሚያብላሉት ባክቴሪያዎችም ያንኑ ኦክስጅን ስለሚሻሙ፣ ውሃው ከምንጊዜውም በላይ የሚታፈነው ጎህ ሊቀድ ሲል ነው። በዚያ ሰዓት ዓሦቹ ወደ ላይ ወጥተው አየር ሲምጉ ከታዩ፣ ፍጉን አቁሞ ንጹሕ ውሃ ማስገባት ያስፈልጋል፤ ተርበው ነው ብሎ መኖ መበተን ጥፋቱን ያባብሳል። ልኩን ለማወቅ የራስ ክንድ ይበቃል። ክንድን ቀጥ አድርገው ወደ ኩሬው ሲያስገቡ፣ ውሃው ክርን ሳይደርስ መዳፍ ከዓይን ከተሰወረ ፍጉ በዝቷል፤ ብብት ደርሶም ጣቶች ከታዩ ግን ውሃው ገና አልለማም። ይህ መለኪያ የሚያገለግለው ለአረንጓዴ ውሃ እንጂ በጭቃ ለደፈረሰ ኩሬ አይደለም።

ኩሬውን ከጓሮው በታች መቆፈርም ብዙ ልፋት ያስከትላል፤ የለማውን ውሃ በባልዲ ሽቅብ ከመሸከም፣ ኩሬውን ከላይ አድርጎ በቦይ ቁልቁል መልቀቅ ይሻላል። ከበረቱ በኩል ግን የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ካልተቆፈረ፣ አንድ ኃይለኛ ዝናብ የተከማቸውን እበት በአንዴ ጠርጎ ያስገባዋል።

ብዙዎች የሚዘነጉት ደግሞ የፀረ ተባይ ነገር ነው። መዥገር ለመከላከል በከብት ላይ የሚረጩት የፓይሬትሮይድ መድኃኒቶች ለከብቱ ብዙም ባይጎዱ፣ ዓሣን በእጅግ ጥቂት መጠን ይገድላሉ። ስለዚህ የርጭት ዕቃ ኩሬው ዳር መታጠብ የለበትም፤ የተረጨ ከብትም ወደ ውሃው መግባት የለበትም። በእርግጥ ከብት ሳይረጭም ቢሆን የኩሬውን ግድብ ይንደዋልና አጥር ያስፈልጋል። በግድቡ ላይ ዛፍ መትከልም ሥሩ ውሃ ስለሚያሾልክ አይመከርም።

የቆሮሶ (ቲላፒያ) ዓሣን ወንድና ሴት ቀላቅሎ መተው ኩሬውን በማያድጉ ጥቃቅን ዓሦች ይሞላዋል፤ ወንዶቹን ለይቶ ማርባት፣ ወይም ጫጩቶቹን የሚበላ አምባዛ በመጠኑ መጨመር መፍትሔ ነው። በፍግ ለሚለማ ኩሬ በአንድ ካሬ ሜትር 1 ወይም 2 የዓሣ ጫጩት ይበቃል።

ፍግ የገባበትን ውሃ በጥሬው በሚበላ ቅጠል ላይ ማርከፍከፍ በሽታ ያስተላልፋል። ይህ ውሃ ለአትክልቱ መድረስ ያለበት በቦይ፣ ከሥር በኩል ነው፤ ይልቁንም ተቀቅለው ለሚበሉ አትክልቶች ቢውል ይመረጣል።