ሳንቲም ከምን ማዕድን እንደተሠራ ቤት ውስጥ እንዴት ይለያል?

የሳንቲም መልክ እምብዛም አይለወጥም፤ የሚለወጠው ውስጡ ነው። ማዕድኑ ከተጻፈበት ዋጋ በላይ ማውጣት ሲጀምር ሰው ይደብቀዋል፣ ያቀልጠዋል። ስለዚህ አሳታሚው ምስሉን፣ ስፋቱንና ቀለሙን እንዳለ ይተውና ውስጡን በርካሽ ይተካዋል። ይህን ለመለየት ማግኔት፣ የግራም መቶኛን የሚያነብ ትንሽ ሚዛን፣ ክርና አንድ ብርጭቆ ውሃ ይበቃል።

መጀመሪያ ማግኔት ያስጠጉ። የዩሮ 1፣ 2 እና 5 ሳንቲሞች መዳብ ቢመስሉም ይሳባሉ፤ በመዳብ የተለበጠ ብረት ናቸው። የብሪታንያ ፔኒም ከ1992 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ እንዲሁ ነው። አልተሳበም ማለት ግን ኒኬል የለበትም ማለት አይደለም። ንጹሕ ኒኬል ይሳባል፤ አሜሪካኖች «ኒኬል» የሚሉት ባለ 5 ሳንቲም ግን 75 በመቶው መዳብ ስለሆነ ማግኔት አይነካውም። ስሙ ብቻ ነው የቀረው።

ከዚያ ጠርዙን ይመልከቱ። እስከ 1964 የተሠራው የአሜሪካ 25 ሳንቲም 90 በመቶ ብር ስለሆነ ጠርዙ ወጥ ነጭ ነው። ከ1965 ወዲህ ባለው ላይ ቀይ የመዳብ መስመር ይታያል፤ ሳንድዊች በሉት።

ዋናው ፈተና ሚዛን ነው። የ1982 የአሜሪካ 1 ሳንቲም እዚህ ላይ ያዝናናል፤ ለውጡ የተደረገው በዓመቱ መሃል ስለሆነ ያው ዓመት ተጽፎባቸው አንዱ 3.11 ግራም፣ ሌላው 2.5 ግራም ይመዝናሉ። ከባዱ 95 በመቶ መዳብ ነው፤ ቀላሉ መዳብ የተቀባ ዚንክ። ጠረጴዛ ላይ ሲጥሏቸው እንኳ የመዳቡ ይጮኻል፣ የዚንኩ ድምፅ ድፍን ነው።

ክብደቱን ጽፈው ከያዙ በኋላ ውሃ ያለበትን ብርጭቆ ሚዛን ላይ ያስቀምጡና ወደ ዜሮ ይመልሱት። ሳንቲሙን በክር አስረው ውሃው ውስጥ ያንጠልጥሉ። ታች እንዳይነካ፤ ከነካ የራሱን ክብደት ይጨምርብዎታል። የአየር አረፋ ከተጣበቀበትም አራግፉት። ሚዛኑ የሚያሳየው ቁጥር የሳንቲሙ ይዘት ነው፣ በኪዩቢክ ሴንቲሜትር። ሁለቱም የ1982 ሳንቲሞች 0.35 አካባቢ ያሳያሉ። 3.11ን ለ0.35 ሲያካፍሉ 8.9 ይመጣል፤ የመዳብ እፍጋት ነው፣ ማለትም የአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትሩ ክብደት በግራም። 2.5ን ሲያካፍሉ 7.1፤ ዚንክ። ብር ከሆነ ከ10 ይበልጣል።

ጠርዙን በሞረድ መፋቅ የሚቀናቸው አሉ። መልሱን ያገኛሉ፤ ሳንቲሙን ግን ሰብሳቢ አይገዛቸውም።