«ማለት ነው»ን እንዴት እንደተውኩት

ለሥራ ቃለ መጠይቅ ስዘጋጅ ድምፄን በስልክ ቀዳሁ። መልሼ ስሰማው አፈርኩ። በ4 ደቂቃ ውስጥ «ማለት ነው» 23 ጊዜ! «እ...» እና «ያው» ሳይቆጠሩ።

መጀመሪያ «ሁለተኛ አልልም» ብዬ ዛትኩ። ባሰብኝ። «ማለት ነው» ሲወጣ በቦታው «ምንድነው» ገባ።

ነገሩ የገባኝ ቅጂውን ደጋግሜ ስሰማ ነው። በአማርኛ ግሱ መጨረሻ ላይ ይመጣል። «3 ዓመት ሠርቻለሁ» ስል ዓረፍተ ነገሩ አልቋል። እኔ ግን ዝምታውን ፈርቼ «ማለት ነው» እለጥፍበታለሁ። ስለዚህ ግሱን እንደጨረስኩ አፌን ገጥሜ በአፍንጫዬ መተንፈስ ጀመርኩ። ዘላለም የመሰለኝ ዝምታ ቅጂው ላይ አንድ ሰከንድ እንኳ አይሞላም። እህቴም እራት ላይ በተሳሳትኩ ቁጥር ጠረጴዛ ትመታ ነበር (ደስ እያላት)።

በሁለት ሳምንት ወደ 4 ወረደ። «ያው»ን ግን አልነካሁትም፤ ያው ሰው ነኝ።