ሁለት ሰብዉፈር በአንድ ሳሎን፦ በላፕቶፕና በማይክ እንዴት ይመጣጠናሉ?

ሁለተኛውን ሰብዉፈር (ወፍራሙን ድምፅ፣ ቤዙን፣ የሚያወጣውን ስፒከር) ሳሎን ያስገባሁ ዕለት ቤዙ ይጨምራል ብዬ ነበር የጠበቅሁት። ጭራሽ ቀነሰ። ሶፋው ላይ ስቀመጥ የከበሮው ድምፅ ይሰልላል፤ ወጥ ቤቱ በር ላይ ስቆም ግን ደረቴን ይደልቃል። ልደታ ኮንዶሚኒየም ያለችው ሳሎናችን 5 ሜትር በ3.8 ሜትር ናት፤ ግድግዳዋ ብሎኬት፣ ወለሏ ሴራሚክ። እንዲህ ባለ ክፍል ውስጥ ወፍራም ድምፅ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ አንዱ ቦታ ላይ ይከመራል፣ ሌላው ቦታ ላይ ይጠፋል። ሁለተኛ ሰብዉፈር የሚገባውም ከሁሉ በላይ ይህን ለማስተካከል ነው። የድምፅ መሣሪያ አምራቹ የሃርማን ኩባንያ ተመራማሪ ቶድ ዌልቲ በ2002 እ.ኤ.አ. ባቀረበው ጥናት፣ ሁለት ሰብዉፈሮች ፊት ለፊት በሚተያዩ ግድግዳዎች መሃል ሲቀመጡ ቤዙ በተለያዩ መቀመጫዎች ላይ ይበልጥ እንደሚቀራረብ አሳይቷል። ሁለቱ ካልተመጣጠኑና በጊዜ ካልተገናኙ ግን ይህ ጥቅም አይገኝም።

የሚያስፈልገው ዕቃ

ላፕቶፕ፣ የኤችዲኤምአይ ገመድ፣ ሜትር፣ የማይክ ማቆሚያ እና በዩኤስቢ የሚሰካ መለኪያ ማይክ። እኔ የምጠቀመው ዩሚክ-1 ነው። እያንዳንዱ ማይክ በመለያ ቁጥሩ የሚወርድ የራሱ ማስተካከያ ፋይል ስላለው፣ መጀመሪያ እሱን ሶፍትዌሩ ላይ ይጫኑ። ሶፍትዌሩ ጆን ማልካሂ የሠራው ሩም ኢኪው ዊዛርድ ነው፤ በነፃ ይወርዳል። የስልክ ማይክ ለዚህ ሥራ አይሆንም። የተሠራው ለንግግር ስለሆነ እኛ የምንፈልገውን ወፍራሙን ድምፅ በትክክል አይለካም።

ከዚህ በታች ሪሲቨር ስል የዲሹን ሳይሆን ስፒከሮቹ የሚሰኩበትን የሆም ቲያትር ሪሲቨር ማለቴ ነው።

ከመለካት በፊት

ሪሲቨሩ ላይ ያለውን አውቶማቲክ የክፍል ማስተካከያ ያጥፉ። እዚያው ሪሲቨሩ ላይ የሁለቱንም ሰብዉፈሮች መጠን ዜሮ ላይ (ሳይጨመር ሳይቀነስ)፣ ርቀታቸውን እኩል ቁጥር ላይ ያድርጉ። ሰብዉፈሮቹ ጀርባ ላይ ያለውን፣ ቀጭኑን ድምፅ የሚቆርጠውን ቁልፍ (ክሮስኦቨር) እስከ መጨረሻው ከፍ ያድርጉት፤ መቁረጡን ሪሲቨሩ ይሠራዋል። ፌዝ (phase) የሚለው፣ የድምፁን ሞገድ የሚያዘገየው ቁልፍ፣ ዜሮ ላይ ይሁን።

ላፕቶፑን ከቻርጀር ነቅለው በባትሪ ያሠሩት። ምንም ሳይጫወት የሶፍትዌሩን የቀጥታ ስፔክትረም (ድምፁን ከወፍራም እስከ ቀጭን ዘርዝሮ የሚያሳየውን ሥዕል) ከፍተው ይመልከቱ። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ (በሰከንድ 50 ንዝረት) ስለሆነ፣ 50 እና 100 ላይ ቀጥ ያለ ሹል መስመር ካዩ ከመብራቱ የመጣ እምምታ ነው። ሪሲቨሩንና ሰብዉፈሮቹን አንድ ማከፋፈያ ላይ መሰካት ብዙ ጊዜ ይፈታዋል። እኛ ሰፈር ደግሞ ባቡሩ ሲያልፍ ከ40 ኸርዝ በታች ያለው መስመር ብድግ ይላል። ስለዚህ ባቡር ያለፈበትን ልኬት እጥለውና እደግመዋለሁ።

ሰዓቱንም አስቡበት። እኔ የምለካው ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ነው፤ መጀመሪያ ግን ወርጄ ከታች ላሉት እናት እነግራቸዋለሁ። አንድ ጊዜ ሳልነግራቸው ጀምሬ፣ «ልጄ፣ ቡፌው ውስጥ ያሉት ሲኒዎች እኮ ተንቀጠቀጡብኝ» ብለው ደረጃውን ወጥተው መጡ። በዚያ ዕድሜያቸው ሦስት ፎቅ ማስወጣቴ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። አሁን ከሰብዉፈሮቹ ሥር ወፍራም ስፖንጅ አለ።

መጀመሪያ በቅርብ ማመጣጠን

ብዙ ሰው ማይኩን ሶፋው ላይ አቁሞ፣ ሁለቱንም በየተራ 75 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) እስኪያሳዩ የድምፅ መጠን ቁልፋቸውን ያዞራል። እኔም እንደዚያ ነበር የጀመርኩት። የፊተኛው ሰብዉፈር ከቴሌቪዥኑ ሥር፣ ሌላው የጎን ግድግዳው ጋ ነው። የጎኑ ሶፋው ላይ ከ3 ዴሲቤል በላይ በልጦ ታየኝ፤ ቀነስኩት። በኋላ ኩርባውን፣ የድምፁን መጠን በየኸርዙ የሚያሳየውን መስመር፣ ሳየው ያ ሁሉ ብልጫ የመጣው 45 ኸርዝ አካባቢ ካለች አንዲት ጉብታ ነው። የክፍሉ ስፋት 3.8 ሜትር ነው፤ የድምፅን ፍጥነት 343ን ለስፋቱ እጥፍ ለ7.6 ሲያካፍሉት 45 ይመጣል። ጉብታዋን የፈጠረው ክፍሉ ነው ማለት ነው። ቁልፉን ስቀንስ ግን ከጉብታዋ ጋር ሌላውም ድምፅ ሁሉ አብሮ ወረደ፣ ሰብዉፈሩም ግማሽ ሥራውን አቆመ። የድምፅ መጠን ቆጣሪ የሚያሳየው አንድ ድምር ቁጥር ብቻ ነው፤ አንድ ጉብታ ቁጥሩን ከፍ ካደረገው ሌላው ቦታ ባዶ ቢሆንም አይነግርዎትም።

ስለዚህ ሁለቱ ሰብዉፈሮች አንድ ዓይነት ከሆኑ ክፍሉን ከሒሳቡ አውጥተን በቅርብ እንለካለን። አንዱን ያጥፉ። የማይኩን ጫፍ የሌላው ስፒከር መሃል ላይ 2 ሴንቲ ሜትር ድረስ ያስጠጉት። ከሶፍትዌሩ ጄኔሬተር የሰብዉፈር መለኪያውን ሹሹታ ይምረጡ፤ ከ30 እስከ 80 ኸርዝ ያለውን የያዘ ነው። እዚህ ቅርበት ላይ ድምፁ ስለሚበረታ የሪሲቨሩን ድምፅ ዝቅ አድርገው ይጀምሩ። ቆጣሪውን ቀርፋፋው ንባብ ላይ አድርገው ቁጥሩ እስኪረጋ ይጠብቁና ይጻፉት። ከዚያ ሪሲቨሩን ሳይነኩ፣ ማይኩን እዚያው 2 ሴንቲ ሜትር ላይ አድርገው ሁለተኛውን ይለኩ፣ ቁልፉንም በግማሽ ዴሲቤል ውስጥ እስኪገጥም ያዙሩት። ቁልፉ ዙሪያ የተጻፈውን ቁጥር አይመኑት። የእኔ ሁለቱ መንትያ ናቸው፣ ቁልፋቸው ሁለቱም ልክ መሃሉን እያመለከተ ግን 2.5 ዴሲቤል ተለያይተው ነበር። በዚህ መንገድ ሁለቱም እኩል ይለፋሉ፤ ፊልሙ ሲጋጋል የአንዱ ድምፅ ቀድሞ አይሰነጠቅም።

አንዱ ባለ 12 ኢንች ሌላው ባለ 8 ከሆነ በቅርብ መለካት ያሳስታል፤ የስፒከሮቹ ስፋት ይለያያልና። ያኔ ሁለቱንም በየተራ ሳሎኑ ውስጥ አንድ ቦታ አስቀምጠው በ1 ሜትር ርቀት ይለኩ፣ ትልቁንም ወደ ትንሹ አቅም ያውርዱት።

ቀጥሎ ሶፋው ላይ

ማይኩን ጆሮዎ በሚሆንበት ከፍታ ላይ ያቁሙት። ከ15 እስከ 200 ኸርዝ እየቀጠነ በሚወጣ ድምፅ ልኬት ይውሰዱ፦ የመጀመሪያውን ብቻውን፣ ሁለተኛውን ብቻውን፣ ከዚያ ሁለቱን አንድ ላይ። ሦስቱን ኩርባዎች ደራርበው ይመልከቱ። እዚህ ደረጃ ላይ ቁልፍ አይነኩም፤ ማየት ብቻ ነው። የሁለቱ ድምር ኩርባ የሆነ ቦታ ላይ ከአንዱ ብቻ በታች ከወረደ እዚያ ጋ እየተጣፉ ነው። ወጥ ቤት በር ላይ የሚደልቀኝ ቤዝ ሶፋዬ ላይ የጠፋው በዚህ ምክንያት ነበር፤ ከ55 እስከ 70 ኸርዝ ድረስ ሁለቱ ተጣፍተው ሰፊ ጉድጓድ ቆፍረዋል።

ጊዜያቸውን ማገናኘት

ጉድጓዱ የሚደፈነው መጠን በመጨመር ሳይሆን ጊዜ በማስተካከል ነው። ድምፅ በ20 ዲግሪ ሙቀት በሰከንድ 343 ሜትር ይጓዛል፣ በሺኛ ሰከንድ 34 ሴንቲ ሜትር ገደማ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ብትሆንም ሒሳቡ አይቀየርም፤ የድምፅን ፍጥነት የሚወስነው የአየሩ ሙቀት እንጂ ግፊቱ አይደለም።

ሪሲቨሩ ጊዜውን የሚያስተካክለው በርቀት ቁጥር ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ከሶፋው እስከ እያንዳንዱ ሰብዉፈር በሜትር የለኩትን ርቀት ያስገቡ። ከዚያ የአንዱን ሰብዉፈር ርቀት በ30 ሴንቲ ሜትር እየቀየሩ ሁለቱን አንድ ላይ ይለኩ። ድምሩ ከፍ ብሎ ጉድጓዱ የሞላበት ቁጥር ላይ ያቁሙ። ሁለት እኩል ድምፆች ፍጹም ሲገናኙ ድምሩ ከአንዱ በ6 ዴሲቤል ይበልጣል፤ ወደዚያ መቅረብ ነው ዓላማው። የመጨረሻው ቁጥር ከሜትሩ ቢበልጥ አይደንግጡ። ብዙ ሰብዉፈሮች ውስጥ ያለው ማቀነባበሪያ ድምፁን ትንሽ ያዘገየዋል። የእኔ የጎኑ 2.4 ሜትር ላይ ተቀምጦ 3.3 ላይ ነው የተገናኘው።

ሪሲቨሩ አንድ የሰብዉፈር መውጫ ብቻ ካለው ርቀታቸውን ለየብቻ ማስገባት አይቻልም። ያኔ የአንዱን ፌዝ ቁልፍ እያዞሩ ወይም ሳጥኑን እየገፉ ያንኑ ድምር ይፈልጋሉ። ይለፋል፣ ግን ይሠራል።

በመጨረሻ እንደ አንድ

ከዚህ በኋላ ሁለቱ አንድ ሰብዉፈር ናቸው። መጠን ሲጨምሩም ሲቀንሱም ለሁለቱም እኩል ይሁን። አሁን የክፍል ማስተካከያውን ያብሩና ያሠሩት፤ 45 ኸርዝ ላይ ያለችውን ጉብታ የሚቆርጣት እሱ ነው። አንዳንድ ሪሲቨሮች ሲጨርሱ ለእያንዳንዱ ሰብዉፈር የተለያየ መጠን ይሰጣሉ። ልዩነቱ ከ1 ዴሲቤል ካለፈ እኔ ወደ እኩል እመልሰዋለሁ፣ ከዚያ እንደገና እለካለሁ። ቤዙን ከሌሎቹ ስፒከሮች ከ3 እስከ 6 ዴሲቤል ከፍ ማድረግ ለፊልም ደስ ይላል፤ እሱ እንደየሰው ነው።

ልኬቶቹን ሁሉ ቀን ጽፈው ያስቀምጡ። ቁልፎቹ ላይም ምልክት ያድርጉ። እኔ የባለቤቴን ቀይ የጥፍር ቀለም ተጠቅሜ አንዲት ነጠብጣብ ቁልፉ ላይ፣ አንዲት ሳጥኑ ላይ ትይዩ አድርጌያለሁ። አቧራ ሲጠረግ ቁልፉ ቢዞርም ነጠብጣቦቹን ገጥሜ እመልሰዋለሁ።